ጋሼ አንደኛ፣ የመጀመሪያ እትም አዳኙ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤ የተከበሩ ባለቤቱ፤ የተከበሩ ታላቅ እኅቱ፤ ክቡር ዳኛ፤ ከአሳንሰር ጥገና ክፍል የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቹ፤ እናንተም ከኋላ በኩል መጽሐፍ ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ የቆማችሁ ወጣቶች፤ ወንድማችንን ለመሸኘት ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን።

እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። ዕድሜዬን ስናገር ሳይሆን ስሰፋና ስለጥፍ ነው የኖርኩት። ንግግሬ እዚህም እዚያም ክሩ ቢወጣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ባለቤቱ ትናንት አስጠርታኝ፣ "አደራህን፣ እንዳታስለቅሰን። እሱ ሰው ሲያለቅስ መግቢያ ነው የሚጠፋው" ብላኛለች። አደራ ተቀብያለሁ። ስለዚህ ዛሬ ሳቅ የመጣበት ሰው አፉን በእጁ አይሸፍን። ይሳቅ።

ለመሆኑ ይሄን ሰው በመዝገብ ስሙ የሚጠራው ማን ነበር? እስቲ ንገሩኝ። ማንም! ለሁላችንም "ጋሼ አንደኛ" ነበር። ስሙን ያወጡለት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ናቸው። ገና ከሩቅ ሲያዩት "መጣ! አንደኛ መጣ!" ይባባላሉ። እንዴት ዋላችሁ አይል፣ ደህና ናችሁ አይል። ሰላምታው አንድ ነው፤ "አንደኛ እትም ነው?" አለቀ።

አንድ ጊዜ ጎረቤት ወልዳ ሊጠይቅ ሄደ አሉ። ሕፃኑን ጎንበስ ብሎ አየና፣ "አንደኛ ነው?" አለ። እናቲቱ "አይ፣ ሦስተኛ ነው" አለችው። "ግድ የለም፤ ይዞታው ጥሩ ነው" ብሏት ቁጭ አለ። እሱ ይሄን ሲሰማ "ውሸት ነው፣ ስም ማጥፋት ነው" ይላል። ባለቤቱ ደግሞ "አጠገቡ ቆሜ ነበር" ትላለች። እኔ የማምነው እሷን ነው።

አርባ ዓመት አሳንሰር ጠግኗል። በዚህ ከተማ ፎቅ የወጣ ሰው ሁሉ በእሱ እጅ ነው የወጣው ማለት ይቻላል። ሥራው ደግሞ የማይገባበት ቤት አልነበረውም። ቢሮ ይገባል፣ ሆቴል ይገባል፣ መኖሪያ ቤት ይገባል። ሰው ገመዱንና ሞተሩን የሚያይ ይመስለዋል። እሱ ዓይኑ መደርደሪያ ላይ ነው! ጨርሶ ዕቃውን ሲሰበስብ፣ አንገቱን እንደ ተማሪ ቀለስ አድርጎ፣ "ይቅርታ፣ ያ ቀይ ጀርባ ያለው መጽሐፍ... ባየው ቅር ይልዎታል?" ይላል።

ሰባተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። ጠረጴዛቸው አንድ እግሩ አጥሮባቸው ከሥሩ አንድ መጽሐፍ አስገብተውበታል። ጋሼ አንደኛ በጉልበቱ ተንበርክኮ አየው። የመጀመሪያ እትም! ስንት ዓመት የፈለገው! "እማማ" አለ፤ "ይሄ መጽሐፍ ከጠረጴዛውም፣ ከወንበሮቹም፣ ከምንጣፉም ይበልጣል። ምን እንደሆነ ሳይነግርዎት 'ልውሰደው' የሚልዎት ሰው ቢመጣ በሩን ይዝጉበት።" እሳቸውም "እንግዲያው ውሰደው፤ ያንተ ይሁን" አሉት። እምቢ አለ። ለጠረጴዛው እግር እንጨት ቆርጦ አስተካከለላቸው፤ መጽሐፉን አራግፎ፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ከፍ ካለ ቦታ አስቀመጠላቸው። ወደ ጥረዛ ቤቴ መጥቶ ግን ግማሽ ቀን ሙሉ ሲቃትት ዋለ። "ምን ሆነሃል?" ብለው፣ "ጨዋ መሆን እንዴት ያማል መሰለህ!" አለኝ።

እኔና እሱ የተገናኘነው የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። ጥረዛ ቤቴ ያኔ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። አንድ መቁረጫ፣ አንድ መጭመቂያ፣ ሙጫ የማሞቅባት ትንሽ ምድጃ። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ እጁ በግራሶ የጠቆረ ሰው ገባ። ብብቱ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሕፃን ነበር የመሰለኝ። መጀመሪያ ውሃ ጠየቀኝና እጁን ታጠበ። ሦስት ጊዜ ታጠበ። ከዚያ ፎጣውን ፈታው። ጀርባው የተሰነጠቀ፣ ገጾቹ የላሉ አሮጌ ልብ ወለድ ነው።

እኔ ደግሞ ወጣትና ትዕቢተኛ ነበርኩ። "ቀላል ነው" አልኩት። "ጠርዙን እቆርጠዋለሁ፤ ይሄን ውዳቂ ሽፋን ጥዬ ጥሩ ቆዳ አለብሰዋለሁ። ሐሙስ ና።"

ሰውዬው ክው አለ። "አንተ ሰው" አለኝ፤ "እናትህ ታማብህ ሐኪም ቤት ብትወስዳት፣ ሐኪሙ 'ቀላል ነው፤ ይሄን አሮጌ ፊቷን ጥዬ ሌላ አደርግላታለሁ' ቢልህ፣ ሐሙስ ትመለሳለህ?"

ትቶኝ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልሄደም። ከዓመት ዕረፍቱ ሦስት ቀን ወስዶ፣ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን አስታመመ። መቁረጫውን ቀና ብዬ ባየሁ ቁጥር ያስላል። "ይሄ ሽፋን" ይለኛል፤ "መጽሐፉ ወደ ዓለም ሲወጣ የለበሰው ልብስ ነው። ይሄ ቢጫ ነጥብ እንኳ የእሱ ነው።" ሦስተኛው ቀን ላይ አሮጌው ሽፋን፣ ያው ሽፋን፣ ጀርባው በቀጭን ጨርቅ ከውስጥ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ለካ እስከዚያ ቀን መጽሐፍ እያደስኩ ሳይሆን እያጠፋሁ ነው የኖርኩት። ሙያዬን ያስተማረኝ የጥረዛ መምህሬ ሳይሆን የአሳንሰር ጠጋኝ ነው። ይሄን በአደባባይ ስናገር አላፍርም።

"ግን ለምን?" አልኩት ያኔ። "ይሄው ልብ ወለድ እኮ አምሳ ጊዜ ታትሟል። በየሱቁ አዲሱ አለ። አሮጌው ምን ያደርግልሃል?"

ምን አለኝ መሰላችሁ? "አምሳኛው እትም ታዋቂ መሆኑን ያውቃል። አንደኛው ግን ምንም አያውቅም። ሲታተም ደራሲው ይወደድ ይጠላ አያውቅም ነበር፤ አሳታሚው ይከስር ያተርፍ አያውቅም ነበር። ያንን ድፍረት ነው በእጄ መያዝ የምፈልገው።"

አሁን ክቡር ዳኛን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የምናገረው የእሳቸውን ጉዳይ ነው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ፈቅደዋል።

ዳኛውም ሰብሳቢ ናቸው። እሳቸውና ጋሼ አንደኛ አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈው ኖረዋል። በምን? በአንድ መጽሐፍ! ጋሼ አንደኛ ልገዛ ነው ብሎ እየሮጠ ሲደርስ፣ ዳኛው ከግማሽ ሰዓት በፊት ወስደውታል። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዱ ሰማይ ያያል፣ አንዱ ጫማውን ያያል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የፍርድ ቤቱ አሳንሰር በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መካከል ቆመ። ጋሼ አንደኛ ተጠራ። ከላይ ሆኖ ጮኸ፤ "ውስጥ ማን አለ?"

"እኔ ነኝ፤ ዳኛው። አንተስ ማነህ?"

"አንደኛ ነኝ።"

"ወይኔ ጉዴ!" አሉ ዳኛው።

ከዚያ ከላይ፣ "ክቡር ዳኛ፣ ቦርሳዎ ውስጥ ምን አለ?"

"ፋይል።"

"ከፋይል ሌላስ?"

ዳኛ ናቸው፤ መዋሸት አልለመዱም። "...ያ መጽሐፍ" አሉ። ያው መጽሐፍ! ለባልደረባቸው ሊያሳዩት ይዘውት ወጥተዋል።

"እባክዎ ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ይግለጡልኝ። ሰባተኛው መስመር ላይ ምን ይላል?"

ዳኛው በዚያች ደብዛዛ አምፖል ሥር መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። "'ደብዳቤውን አንብባ ስትጨርስ ልቧ ተሰበረ' ይላል።"

ከላይ ሳቅ ወረደ። ሕንፃው ሁሉ ሰማ። "ክቡር ዳኛ! ልቧ ከተሰበረ ሁለተኛ ኅትመት ነው! በመጀመሪያው ኅትመት አራሚውን አምልጦታል። 'ልብሷ ተሰበረ' ነው የሚለው! እኔ በኋላ ያገኘሁት ላይ ልብሷ ነው የተሰበረው!"

አሥራ አንድ ዓመት የተኮራረፉበት መጽሐፍ ይሄው ሆነ። ከዚያ ዳኛው፣ በዚያ በችሎት ድምፃቸው፣ "መጀመሪያ አውጣኝ፤ ከዚያ ይግባኝ እላለሁ" አሉ።

ጋሼ አንደኛ "እየጠየቅኋቸው እጄ ሥራ አላቆመም" ይላል። ዳኛው ግን "ሃያ ደቂቃ አስቀምጦኛል" ይላሉ። ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። ብቻ ያን ቀን ወደ ቤቱ ወስዶ የተሰበረውን ልብስ በዓይናቸው አሳያቸው፤ ከዚያን ቀን ወዲያ ሁለቱን የለያያቸው የለም።

ቤቱን ታውቁታላችሁ። የእናንተን ጫማ የማያውቅ ደፍ የለም እዚያ ቤት። በቤቱ ውስጥ ደረቁ ቦታ የመኝታ ክፍሉ ቁም ሣጥን ነበር፤ ስለዚህ መጽሐፎቹ እዚያ ገቡ። የባለቤቱ ካፖርትስ? ማዕድ ቤት በር ላይ ተንጠለጠለ። ሠላሳ ዓመት! መምህርት ናት፤ ተማሪዎቿ ከመድረሷ በፊት በሽንኩርት ሽታ ያውቋት ነበር። ለምን ቻልሽው ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ። "ሌላው ባል የሚሰውረው ነገር አለው" አለችኝ፤ "የእኔው ሰው የሰወረው ነገር ሁሉ ርዕስና የኅትመት ዓመት አለው።"

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ያ ቁም ሣጥን ለሁሉም ይከፈታል። ሌሎች ሰብሳቢዎች ጉድ አሉ። እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ለተማሪ ይሰጣል? ይሰጣል! እጅህን ታጠብ፣ ቁጭ በል፣ አንብብ። ሕጉ ይሄው ነው። አንዲት ልጅ ገጽ ስትገልጥ ቀደደችበትና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በማግስቱ መጽሐፉን ይዞልኝ መጣ። "ተቆጣሃት?" አልኩት። "ምን እቆጣታለሁ? የተቀደደው ልክ ታሪኩ ሲጦዝ ነው። ሁለቱን ቁራጭ አጋጥሜ ያዝኩላት፤ አንብባ ጨረሰች።" ልጅቷ ዛሬ እዚህ አለች። እዚያ ጋ ናት፤ አሁንም እያለቀሰች ነው፤ ግን እየሳቀች ነው።

እንግዲህ ብዙዎቻችሁ የማታውቁትን ልንገራችሁ። ይሄ ሰው እንዴት ሰብሳቢ ሆነ?

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ታመመ። ትኩሳቱ ሳምንታት ቆየ። አባትና እናቱ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ ቀን ቀን የሚያስታምሙት ታላቅ እኅቱ ናቸው። ይኸው እዚህ የተቀመጡት፣ እሱ "እታለም" የሚላቸው። ያኔ አሥራ አምስት ዓመታቸው ነበር። የሰፈር ሰው ካዋሳቸው አንድ ልብ ወለድ በየቀኑ አንድ ምዕራፍ ያነቡለት ነበር። ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ወንዙ ሞልቶ፣ ቀዛፊው ሰው ሊያድን ገብቶ ቀረ። ሚስቱና ልጆቹ በር በሩን ያያሉ። በመጨረሻው ምዕራፍ በሩ ተንኳኳ፤ ጀልባ ቀዛፊው ተመለሰ። በዚያው ሰሞን የልጁም ትኩሳት ወረደ።

ዓመታት አለፉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሞላው ያን ልብ ወለድ ሱቅ ውስጥ አየው። በደስታ ገዛው፤ ለባለቤቱ ሊያነብላት። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጀልባ ቀዛፊው ሞተ! አልተመለሰም። በሩን ያንኳኩት አስከሬኑን ያገኙት ሰዎች ናቸው።

እየሮጠ እኅቱ ጋ ሄደ። "እታለም! ይሄ ሌላ ነው የሚለው!"

እሳቸውም ድንገት ሲያፋጥጣቸው ጊዜ፣ "እ... እኔ ያነበብኩልህ እኮ የድሮውን ነው። የመጀመሪያውን እትም" አሉት።

በቃ! ያቺ አንዲት ቃል ናት። አብሯችሁ የኖረውን ጋሼ አንደኛን የፈጠረችው ያቺ ቃል ናት። የመጀመሪያውን እትም ፍለጋ ወጣ። ሲፈልግ ሌላ አገኘ፤ ሌላውን ሲፈልግ ሌላ አገኘ፤ ቁም ሣጥኑ ሞላ። ያ መጽሐፍ ግን የለም። ሰብሳቢዎች "እንዲህ ያለ መጨረሻ ተጽፎ አያውቅም" ይሉታል። ዳኛው ራሳቸው "ማስረጃ የለህም" ብለውታል። እሱ ግን ፊቱ ይቀላል፤ "በጆሮዬ ሰምቻለሁ! እኅቴ ናት ያነበበችልኝ!" ይላል። እታለምም በየዓመቱ፣ ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያሉ፣ ፊቱን ሲያዩ ይተዉታል። ሃያ አምስት ዓመት!

የዛሬ ስምንት ዓመት አንድ ሊፈርስ የተወሰነ ሕንፃ ውስጥ አሳንሰሩን ሊነቅል ሄደ። ባዶ ቢሮ ውስጥ ሰው ጥሎት የሄደ ካርቶን አገኘ። ካርቶኑ ውስጥ መጽሐፉ አለ። የመጀመሪያው እትም። ዓመቱ ልክ፣ ማተሚያ ቤቱ ልክ፣ ሽፋኑ ልክ።

መጨረሻውን አልገለጠም። ወደ እኔ ጥረዛ ቤት ይዞት መጣና ሁላችንንም አስጠራ። ባለቤቱን፣ ዳኛውን፣ እታለምን። እጁን ታጠበ። ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነብልን ጀመር። በሩ ተንኳኳ። ሚስቲቱ ሮጣ ከፈተች።

ጀልባ ቀዛፊው ሞቷል።

ወገኖቼ፣ ያን ሰዓት እንዴት ልንገራችሁ? ዳኛው አሸነፍኩ አላሉም፤ አንገታቸውን ደፉ። ይሄ ሰው ሃያ አምስት ዓመት ክብሩን ያስያዘበት ነገር በእጁ ላይ ባዶ ሆነ።

እታለም ተነሡ። "እኔ ነኝ" አሉ። "እኔ ነኝ የቀየርኩት። ሐኪሙ በር ላይ ለአባባ ሲነግረው ሰምቼ ነበር፤ ተስፋ የለውም ሲል። ተመልሼ ስገባ፣ አንተ በዚያ በሰለለ ድምፅህ፣ 'ይመጣል አይደል እታለም?' አልከኝ። ሞተ ልበልህ? እንዴት ብዬ? መጽሐፉን እያየሁ ከራሴ አነበብኩልህ።"

ሁላችንም ፊቱን አየን። እኔ ወንበር አቀረብኩለት፤ ይወድቃል ብዬ ነው። እሱ ምን አደረገ? ሳቀ! እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሄዶ እኅቱን አቀፋቸው። "ሃያ አምስት ዓመት የፈለግኳት ደራሲ እኮ በየሳምንቱ ቤቴ መጥታ ሻይ ስትጠጣ ነበር!" አለ።

ዳኛው "አልተናደድክም?" አሉት።

"ምን ያናድደኛል? እሷ ባትዋሸኝ ኖሮ እርስዎን የት አገኝዎት ነበር? ይሄን ጠራዥስ? እነዚያን ሁሉ መጽሐፎች?" ወዲያው ወረቀትና እስክሪብቶ ከእኔ ጠረጴዛ ነጠቀ። "በይ ንገሪኝ፤ እንደዚያን ቀኑ። አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ።" እሳቸው ተናገሩ፤ እሱ ጻፈ። ሰባት ገጽ ሆነ። እኔ በእጄ ሰፋሁት። ዳኛው መጨረሻው ላይ "ከዋናው ጋር ትክክል መሆኑን አረጋግጫለሁ" ብለው ፈረሙበት። በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መጽሐፍ ነው።

በዚህ ወር መጀመሪያ ሆስፒታል ሲገባ፣ እታለም ከሰዓት በኋላ እየሄዱ ያነቡለት ነበር። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ በአጉሊ መነጽር ነው የሚያነቡት። ያን የጀልባ ቀዛፊ ልብ ወለድ ነበር የመረጠው። ያለፈው ማክሰኞ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረሱ። እኔም እዚያው ነበርኩ። እታለም ቀና ብለው፣ "የትኛውን ላንብብልህ? የእኔን ነው የደራሲውን?" አሉት።

"የደራሲውን" አለ። "እንደተጻፈው አንብቢልኝ። አሁን አልፈራም።"

አነበቡለት። ድምፃቸው አልተቆረጠም። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲጨርሱ ምን አለ መሰላችሁ? "ጎበዝ ጸሐፊ ነው" አለ፤ "ግን ያንቺው ይሻላል።" ነርሷ ሳትቀር ሳቀች። ሐሙስ ጠዋት፣ ፀሐይ ክፍሉ ውስጥ ገብታ ሳለ፣ በእንቅልፉ ሄደ።

ወንድሜ ሆይ። ሠላሳ አንድ ዓመት አጠገቤ ተቀምጠህ ስላሳልክብኝ፣ ስላሳቅከኝ፣ ስላስተማርከኝ አመሰግንሃለሁ። ወዳጆችህ ሁሉ መጥተናል፤ የጎደለ የለም። ባለቤትህ ቀጥ ብላ ቆማለች። እኅትህን ዳኛው ክንዳቸውን ደግፈው ይዘዋቸዋል። ልጆቹ ከዚህ ተነሥተው ወደ ቤትህ ሊሄዱ ነው፤ ዛሬ ቅዳሜ ነዋ! እኔም ከእነሱ ጋር እሄዳለሁ።

በል እንግዲህ። አፈሩ ይቅለልህ። ደህና ሁን ወንድም ዓለም፤ በሰላም ሂድ።